ሳተላይቷ ለምን ዘገየች? ራዳር የምሕዋር ለውጥን የሚያውቅበት መንገድ

ጎንደር ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ ቀና ላለ ሰው ሳተላይት ማየት ብርቅ አይደለም። አንዳንዴ አንዲት ነጥብ ናት፤ ኮከብ መስላ ሰማዩን ዝም ብላ ታቋርጣለች። አንዳንዴ ደግሞ በቅርቡ ወደ ኅዋ የተላኩ፣ ኢንተርኔት የሚያሰራጩ የስታርሊንክ ሳተላይቶች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተከታትለው ያልፋሉ። በማግስቱ ቪዲዮው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይዞራል። አስተያየቱም ይከተላል፦ «አቅጣጫ ሲቀይሩ አይቻለሁ»፣ «ከተማው ላይ ቆመው ነበር»፣ «የሆነ ነገር እየፈለጉ ነው»።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ዜና እየተለመደ መጥቷል። የአንዱ አገር ሳተላይት ምሕዋሯን ቀይራ ወደ ሌላው አገር ሳተላይት ተጠጋች የሚል ዜና ነው። ማስረጃው የራዳር ክትትል እንደሆነ ይነገራል። ራዳሩ በትክክል ምን እንዳየ ግን አይብራራም። አንባቢም ራዳሩ ሳተላይቷ ስትታጠፍ እንደ ካሜራ የቀረጸ ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። ራዳር ሞተር ሲነሳ አያይም። ራዳር የሚያየው ሳተላይቷ በቀጠሮዋ ሰዓትና ቦታ አለመገኘቷን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ መዘግየት ወይም መቅደም ተነስቶ የሚሠራ ስሌት ነው። ዜናውን ለመመዘንም፣ ወሬውን ለመለየትም ይህን ልዩነት መያዝ ግድ ይላል።

በቅድሚያ፣ ማኑቨር ማለት ምን ማለት ነው?

በኅዋ ቋንቋ ማኑቨር የሚባለው ሳተላይቷ በራሷ ትንሽ ሞተር ሆን ብላ የምታደርገው የምሕዋር ለውጥ ነው። ምሕዋር ደግሞ ምድርን የምትዞርበት መንገድ ነው። አብዛኛው ማኑቨር ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አየር እየጎተተ ዝቅ ያደረጋትን ሳተላይት ወደ ከፍታዋ መመለስ፣ ግጭት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ገለል ማለት፣ ዕድሜዋ ሲያልቅ ወደ ታች ወርዳ እንድትቃጠል ማድረግ፤ የዕለት ተዕለት ሥራው ይኸው ነው።

«ከተማችን ላይ ቆመች» የሚለውን እዚሁ ላይ እንዝጋው። በ500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሳተላይት በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ከባሕር ዳር ጎንደር ያለውን ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በ24 ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። ካልሮጠች ትወድቃለች። ቆማ የምትታየን በምድር ወገብ ትክክል በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር ሳተላይት ብቻ ናት። ጎንደር ያለችው ከምድር ወገብ 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ስለዚህ ከፋሲል ግቢ አናት ትክክል የምትቆም ሳተላይት የለችም።

ራዳሩ የሚለካው

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ የሚመለሰውን ማሚቶ ይጠብቃል። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚሄድ፣ ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። 1,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለች ሳተላይት ማሚቶው የሚመለሰው በ6.7 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። አንቴናው የዞረበት አቅጣጫ ማዕዘኑን ይሰጣል። ሦስተኛው መለኪያ ዶፕለር ይባላል፤ የምትቀርብ ነገር የምትመልሰው ሞገድ ይጠብቃል፣ የምትርቀው ይላላል። የአምቡላንስ ድምፅ ወደ እኛ ሲመጣ ቀጥኖ፣ ሲያልፍ የሚጎረንነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ለውጥ ፍጥነቷ ይሰላል።

ሦስቱም በአንድ ማለፊያ ውስጥ ደጋግመው ይለካሉ። ማለፊያ ማለት ሳተላይቷ ከአድማስ ብቅ ብላ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ነው። ለዝቅተኛ ምሕዋር በአብዛኛው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ቀሪውን ሰዓት ራዳሩ ሳተላይቷን አያያትም።

ርቀት የራዳር ዋና ጠላት ነው። ሞገዱ ሲሄድም ሲመለስም ስለሚበተን፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ማሚቶው 16 ጊዜ ይደክማል። በ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ሳተላይት በ1,000 ኪሎ ሜትር ካለችው ጋር ስትነጻጸር የምትመልሰው ማሚቶ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሩቆቹ በአብዛኛው ቴሌስኮፕ ይመረጣል። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ቅርቦቹ ነው።

አዘዞ ዘግይቶ የደረሰው ሚኒባስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚመጣ ሚኒባስ እናስብ። ወረታ ላይ የሚጠብቅ ሰው «በሰዓቱ አለፈ» ብሎ ደወለ። አዘዞ ላይ የሚጠብቀው ግን ግማሽ ሰዓት ዘገየበት። ማንም ሚኒባሱን መሀል ላይ አላየውም። ሆኖም ከወረታ እስከ አዘዞ አንድ ነገር እንደተፈጠረ እርግጠኛ ነን። ምሳ ይሁን ጎማ፣ ፍተሻ ይሁን ተሳፋሪ ማውረድ፣ ይህን መዘግየቱ ብቻውን አይነግረንም።

የራዳር ክትትልም በዚህ ስሌት ይሄዳል። ከቀደሙት ማለፊያዎች ምሕዋሯ ይሰላል። ቀጥሎ የምትመጣበት ሰዓትና ቦታ ይተነበያል። ስትመጣ በትንበያውና በልኬቱ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። ልዩነቱ ከተለመደው የስህተት መጠን በጣም ከበለጠ፣ ማኑቨር ሳይኖር አይቀርም ይባላል።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው። በ500 ኪሎ ሜትር ላይ የምትዞር ሳተላይት ሞተሯን ለአጭር ጊዜ አስነስታ ፍጥነቷን በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨመረች እንበል። ይህ ከኤሊ እርምጃ ያነሰ ነው። የምሕዋሯ አማካይ ከፍታ የሚጨምረው በ18 ሜትር ገደማ ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ላይ 18 ሜትር ምንም ነው፤ በአንድ ልኬት ለማየት ያስቸግራል።

ግን ምሕዋሯ ከፍ ስላለ አንዱ ዙር ትንሽ ረዘመ። በየዙሩ 170 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። በቀን ከ15 ዙር በላይ ስለምትዞር፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ልዩነቱ 2.6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሰዓት ሲለካ ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ 0.34 ሰከንድ። ራዳር ግን የሰከንድን ሚሊዮንኛ የሚለይ መሣሪያ ስለሆነ 0.34 ሰከንድ ለእሱ ረጅም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ወደ ፊት የተገፋች ሳተላይት ትዘገያለች። ፍጥነት ስትጨምር ከፍ ትላለች፤ ከፍ ስትል መንገዷ ይረዝማል፣ በአማካይም ቀስ ብላ ትዞራለች። ወደ ኋላ የተገፋችው ደግሞ ዝቅ ብላ ቀድማ ትደርሳለች። መኪና ለለመደ አእምሮ ይህ ይከብዳል። መዘግየቷን ወይም መቅደሟን አይቶ ሞተሩ ወደየት እንደገፋ ለመገመት ግን ቁልፉ ይኸው ነው።

ከመንገዷ ወደ ጎን መታጠፍ ሌላ ነገር ነው። የምሕዋሯን ዝንባሌ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን፣ በ1 ዲግሪ ለመቀየር በሰከንድ ወደ 133 ሜትር የፍጥነት ለውጥ ይጠይቃል። ከላይ ካየነው ከ13,000 ጊዜ በላይ ነው። ነዳጁ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንዲት ሳተላይት ምሽት ላይ ሰማይ ላይ «ታጠፈች» ሲባል፣ ካሜራው መንቀጥቀጡን ወይም ሁለት ሳተላይቶች መተላለፋቸውን መጠርጠር ይሻላል።

ወደ ኋላ ማጠንጠን

ማኑቨር እንደነበረ ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። መልሱ የሚገኝበት መንገድ ያምራል። ከለውጡ በፊት የነበረው ምሕዋር ወደ ፊት ይሰላል። ከለውጡ በኋላ ያለው ወደ ኋላ ይጠነጠናል። ሳተላይቷ አንድ ስለሆነች ሁለቱ መንገዶች የሆነ ቅጽበት ላይ መገናኘት አለባቸው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ ፍጥነታቸው ግን ይለያያል። መገናኛው ሞተሩ የተነሳበት ጊዜ ነው። የፍጥነቱ ልዩነት ደግሞ የግፊቱ መጠንና አቅጣጫ ነው።

በተግባር ሁለቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ አይገጥሙም። ሁለቱም የየራሳቸው ስህተት ስላላቸው በጣም የሚቀራረቡበት ቦታ ይፈለጋል። አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት ዕጩ ሰዓቶች ይወጣሉ። ዜና ላይ ግን የሚጻፈው አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ጮኾ ከጠፋ ነው። ስታርሊንክን ጨምሮ ብዙ አዳዲስ ሳተላይቶች የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ግፊት ነው። እንደ ክሪፕተን ወይም አርጎን ያለ ጋዝን በኤሌክትሪክ ኃይል አፍጥኖ የሚያስወጣ ሞተር ነው። ግፊቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ ለቀናት፣ ለሳምንታትም ይሠራል። የሚገናኙ ሁለት መንገዶች የሉም፤ ያለው ቀስ በቀስ የሚለወጥ አንድ ጠመዝማዛ ነው። ለእነዚህ ራሱ ግፊቱን እንደ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ይዞ በየልኬቱ የሚያርም ስሌት ያስፈልጋል። ካልማን ፊልተር የሚባለው ስልት ለዚህ ያገለግላል፦ ይተነብያል፣ ይለካል፣ ያርማል፣ እንደገና ይተነብያል።

ሞተር ሳይነሳ ማኑቨር የተደረገ የሚያስመስሉ ነገሮች

የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል እዚህ ነው።

አንደኛው አየር ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ላይም ስስ አየር አለ። ፀሐይ ስትቆጣ ይህ አየር ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሳተላይቶችን በኃይል ይጎትታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 መጀመሪያ ላይ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች ገና 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ እያሉ የፀሐይ ማዕበል ያመጣው ጉተታ እስከ 40 የሚሆኑትን አወረዳቸው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ደግሞ ከሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ከታዩት ሁሉ የከበደ ማዕበል መጣ። በዚያ ሰሞን በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ከፍታቸውን ለመመለስ ሞተር አስነሱ። ማን በአየር ተጎተተ፣ ማን በሞተር ተገፋ የሚለው ተደበላለቀ።

ግን መለያ ምልክት አለ። አየር ሁልጊዜ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ምሕዋሯ ከፍ ያለች ሳተላይት ያለ ጥርጥር ተገፍታለች። አየር ደግሞ በዚያ ከፍታ ያሉትን ሁሉ ይነካል፤ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው አንዷን ነው። ጎረቤቶቿ ሁሉ አብረው ቀድመው ከመጡ ጥፋቱ የፀሐይ ነው።

ሁለተኛው አዮኖስፌር ነው። ከፀሐይ ጨረር የተነሳ በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ሲሆን የሬዲዮን ሞገድ ያዘገያል። ይህ ጉዳይ ለእኛ ቀጠና ልዩ ትርጉም አለው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ አካባቢ አዮኖስፌር ጥቅጥቅ ያለና፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የሚረበሽ ነው። በ450 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር አዮኖስፌሩ ብርቱ በሆነበት ቀን ርቀቱን 100 ሜትር ያህል አብዝቶ ሊለካ ይችላል። በዚያው ሰማይ በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራው የሚሳሳተው በ2 ሜትር ገደማ ነው። ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ሲጨምር ስህተቱ በካሬ ይቀንሳልና። ይህን ሳያርም «ተንቀሳቅሳለች» ያለ ራዳር የለካው አዮኖስፌሩን ነው።

ሦስተኛው ማንነት መሳሳት ነው። ሳተላይቶች ተጠጋግተው ሲሄዱ ራዳሩ የአንዷን ማሚቶ ለሌላዋ ይሰጣል። የማሚቶ ታርጋ የለም። በተለይ በአንድ ሮኬት ብዙ ሳተላይት በተላከ ሰሞን ይህ ስህተት የተለመደ ነው።

በነዚህ ሁሉ መሀል ገደብ መወሰን አለ። ልዩነቱ ምን ያህል ሲሆን ነው «ማኑቨር» የሚባለው? ገደቡ ዝቅ ካለ የሐሰት ማንቂያ ይበዛል። ከፍ ካለ ትንንሾቹ ያመልጣሉ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሳተላይቶች ከ10,000 በላይ ናቸው። እያንዳንዷ በቀን አንዴ ብትፈተሽና ስልቱ ከመቶ አንዴ ብቻ ቢሳሳት፣ በቀን 100 የሐሰት ማንቂያ ይመጣል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ተንታኞች «ተንቀሳቅሳለች» ከማለት ይልቅ ዕድሉ ይህን ያህል ነው የሚሉት።

ራዳሩ የትም ቢሆን አንድ አይደለም

በቀን ስንት ጊዜ እንደምናያት የሚወስነው የራዳሩ ቦታ ነው። በዋልታዎች ላይ የምታልፍ ሳተላይት በእያንዳንዱ ዙር ከዋልታ አጠገብ ትሻገራለች። አላስካ ያለ ራዳር ደጋግሞ ያገኛታል። በጎንደር ኬክሮስ ላይ ያለ ጣቢያ ግን ያችኑ ሳተላይት የሚያገኛት በቀን አራት ጊዜ ያህል ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ፣ ከዚያ ረጅም ሰዓት ቆይቶ ሌሎቹን ሁለት። በመሀሉ የተደረገው ሁሉ ከእሱ የተሰወረ ነው። በተቃራኒው ለምድር ወገብ ቅርብ የሚዞሩትን የሰሜኑ ራዳር ጨርሶ አያያቸውም፤ የእኛ ኬክሮስ ያያቸዋል።

ስለዚህ አንድ ራዳር አይበቃም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ያስጀመረችው ስፔስ ፌንስ የተባለ ራዳር በፓስፊክ ውቅያኖስ ክዋጃሌን ደሴት ላይ ነው። ፈረንሳይ ግራቭ የሚባል ራዳር አላት፤ ጀርመን 34 ሜትር ስፋት ያለው ቲራ አላት። ሊዮላብስ የተባለው የግል ኩባንያ ከአላስካ እስከ ኮስታሪካና ኒውዚላንድ ራዳሮች ዘርግቶ መረጃ ይሸጣል።

ጉዳዩ ለምን ያስጨንቃል?

እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2009 በሥራ ላይ የነበረችው የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 እና የሞተችው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ በ789 ኪሎ ሜትር ገደማ ተላተሙ። በወቅቱ በይፋ ከሚታተም መረጃ የተሠራው ትንበያ በ584 ሜትር ይተላለፋሉ የሚል ነበር። ከ2,000 በላይ ስብርባሪ ተመዘገበ። ኢሪዲየም ገለል ማለት ትችል ነበር፤ ትንበያው ግን ይህን ለማዘዝ የሚያበቃ ጥራት አልነበረውም።

ዛሬ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 የአውሮፓ ኅዋ ኤጀንሲ ኤዮለስ የተባለችውን ሳተላይት ከአንዲት ስታርሊንክ ለማሸሽ ሞተር አስነሳ። የስታርሊንክ ባለቤት ስፔስኤክስ የመልእክት ሥርዓቱ ችግር ስለነበረበት የአደጋው ዕድል ማደጉን የሚናገረው መረጃ አልደረሰውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቻይና ሰው ያለበት የኅዋ ጣቢያዋን ሁለት ጊዜ ከስታርሊንክ ሳተላይቶች እንዳሸሸች ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቀች። ስለ ሁለተኛዋ ስትናገር ሳተላይቷ ያለማቋረጥ ምሕዋሯን ስለምትቀይርና ስልቷ ስላልታወቀ መገመት አልተቻለም አለች። አሜሪካ በበኩሏ ያሰጋ የግጭት ዕድል አልነበረም ስትል መለሰች።

የሁለቱ ክርክር ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ሁለቱም ራዳር አላቸው። የተለያዩት ሳተላይቷ ቀጥሎ ምን ታደርጋለች በሚለው ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ራዳር አይለካም።

እዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንዱ ወገን መፍትሔው የተሻለ ራዳርና ፈጣን ስሌት ነው ይላል። ባለቤቱ የሚናገረውን ሳያምኑ ለብቻ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ወታደራዊ ሳተላይት ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ሌላው ወገን ባለቤቶች ዕቅዳቸውን አስቀድመው ያሳውቁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ላይ የዋለው የኅዋ ዕቃዎች ምዝገባ ስምምነት መሠረታዊ የምሕዋር መረጃ እንዲሰጥ ያዛል፤ እያንዳንዱን ማኑቨር አስታውቁ ግን አይልም። ስፔስኤክስ ከታኅሣሥ 2022 እስከ ግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ባለው ግማሽ ዓመት ከ25,000 በላይ የማምለጫ ማኑቨር ማድረጉን ሪፖርት አድርጓል። ከዓመት በኋላ በተመሳሳዩ ስድስት ወር ቁጥሩ ወደ 50,000 ተጠጋ። አብዛኛው በሰው ሳይሆን በኮምፒውተር ውሳኔ ነው።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሚዛኑ ግን ወደ ሁለተኛው ያጋድላል። ይህን ያህል እንቅስቃሴ ባለበት ሰማይ፣ ባለቤቱ ያወቀውን ነገር ሌላው ከ0.34 ሰከንድ መዘግየት እንዲገምት መተው አደጋን ያበዛል። ራዳሩ የሚያስፈልገው የተነገረውን ለማረጋገጥና ያልተነገረውን ለመያዝ ነው።

ከጎንደር ሆኖ ምን ይቻላል?

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትላክ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር። የዚህ መጠን ሳተላይት ያላቸው አገሮች የግጭት ማስጠንቀቂያ የሚያገኙት በአብዛኛው ከሌሎች ራዳር ነው። ራዳር መትከል ውድ ነው፤ የመጣውን ቁጥር መመርመር ግን ርካሽ ነው።

በይፋ የሚታተሙት የምሕዋር መረጃዎች በነጻ ይገኛሉ። ለእያንዳንዷ ሳተላይት ሁለት መስመር ቁጥር ነው። አንድ የፊዚክስ ወይም የኮምፒውተር ተማሪ በላፕቶፕ የወራቱን መስመሮች ደርድሮ የከፍታውን ግራፍ ቢያወጣ፣ አየር የሚያወርደው ቀስ ያለ ቁልቁለትና ሞተር የሚፈጥረው ደረጃ ለዓይን ይለያል። ገደቡን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። የእነዚህ ቁጥሮች ስህተት ከመነሻው 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑም ያድጋል። ያቺ የ1 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እዚህ ትጠፋለች። በሰከንድ 1 ሜትር የሆነች ግን በቀን 260 ኪሎ ሜትር ስለምታራርቅ አትደበቅም።

ከራዳር ውጪ የሰዓት ልኬትም አለ። ስልክ ቆሞ በተስተካከለበት፣ ሰዓቱ ከጂፒኤስ ጋር በተናበበበት፣ ከጎሃ የሚቀረጽ የሰማይ ቪዲዮ ሳተላይቷ ከታወቀ ኮከብ አጠገብ ያለፈችበትን ቅጽበት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይርቅ ስህተት ሊይዝ ይችላል። ከትንበያው ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ ብትገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስልኩ ሰዓት ነው። ቀጥሎ ትንበያው የተሠራበት ቀን ይታያል፤ አምስት ቀን ያለፈው ከሆነ በአዲስ ይተካል። ከዚያ በዚያው ከፍታ ያለች ሌላ ሳተላይት ትለካለች። እሷ በሰዓቷ ካለፈች፣ የሞተሩ ነገር ያን ጊዜ ይነሳል።